የ1894ቱ ውል ስለ ጣናም ስለ አልፋሽጋም ይናገራል፤ አንዱን አንቀጽ ትተን ሌላውን መቀበል እንችላለን?

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በባሕር ዳር የታሪክ መምህር ነኝ፤ ከተማሪዎቼ ጋር ስለ ኢትዮጵያና ሱዳን ወሰን ስንወያይ የተነሣውን ጥያቄ በጉዳዩ ዕውቀት ያላችሁ እንድታብራሩልን እጠይቃለሁ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ውል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን በአንድነት ይዟል። የመጀመሪያው አንቀጽ በኢትዮጵያና በጊዜው በእንግሊዝና በግብፅ ሥር በነበረችው ሱዳን መካከል ያለውን ወሰን ያስቀምጣል። ሦስተኛው አንቀጽ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ በዐባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ ያስገድዳል። እኛ እዚህ ጣና ዳር የምንኖር ሰዎች የዚህ አንቀጽ ዕጣ ምን እንደሆነ በዓይናችን እናያለን። ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቷል፤ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሐይቁን ውኃ ወደ በለስ እያወረደ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ይሠራል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። መንግሥታችን ሦስተኛው አንቀጽ አያስገድደኝም ይላል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ተማሪዎቼ የጠየቁት ግን ይህን ነው፦ ሦስተኛውን አንቀጽ የቅኝ ግዛት ዘመን ውል ነው ብለን ካልተቀበልን፣ ሱዳን በወሰኑ ላይ ያለውን አልፋሽጋ የተባለ የእርሻ መሬት ለመያዝ የምትጠቅሰውን የመጀመሪያውን አንቀጽ በምን አግባብ እንቀበላለን? ወይስ አንቀበልም? ደግሞስ በካርቱም መንግሥት ተገልብጦ ሌላው በሚተካበት፣ እርሱም ሳይጸና ጦርነት በሚነሣበት ጊዜ፣ ከማን ጋር ተነጋግረን ነው ይህን ወሰን የምንጨርሰው?

ሚዛን

መምህራችን ያነሡት ጥያቄ በአደባባይ ክርክራችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን ስለሚነካ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ሙያዬ ሕግ ነው።

በአንድ ውል ውስጥ የተጻፉ ግዴታዎች ሁሉ ዕድሜያቸው እኩል አይደለም። ወሰን በውል አንድ ጊዜ ከጸና በኋላ ከውሉ ተለይቶ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ የፈረመው መንግሥት ቢወድቅ፣ ቅኝ ገዥው ለቅቆ ቢሄድ ወይም ዘመኑ ከሥር መሠረቱ ቢለወጥ፣ በዚያ ምክንያት ብቻ ወሰኑ አይፈርስም። እ.ኤ.አ. የ1969ኙ የቪየና የውሎች ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 62፣ የ1978ቱ የመንግሥታት መተካካት ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 11 ወሰንን ከሌሎች ግዴታዎች የለዩት ለዚህ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በሐምሌ 1956 ዓ.ም. ካይሮ ላይ አገሮች ነጻ ሲወጡ የነበረው ወሰን እንዲከበር ሲወስን ኢትዮጵያ ደግፋለች፤ ከሶማሊያ ጋር በነበረን ክርክርም የተመረኮዝነው በዚሁ መርህ ላይ ነው። በምሥራቅ የያዝነውን መርህ በምዕራብ ልንጥለው አንችልም።

የጣናው አንቀጽ ከዚህ የተለየ ነው። ኢትዮጵያ በገዛ ውኃዋ ላይ ለመሥራት የእንግሊዝን ፈቃድ እንድትጠይቅ የሚያዝ ግዴታ፣ ፈቃድ ሰጪው ከአካባቢው ከወጣ በኋላ መቆሚያ የለውም። የወንዝ ግዴታም እንደ ወሰን ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ ይኖራል ብለው የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ፤ ሆኖም ለአንዱ ወገን ምንም ሳይሰጥ እጁን ብቻ የሚያስር አንቀጽ እንደ ወሰን ይቆጠር ማለት ለእኔ አሳማኝ አይደለም። ሱዳን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ከወጣች በኋላ እንግሊዝ በስሟ የገባችበትን የ1929ኙን የናይል ስምምነት አልቀበልም ብላ፣ በ1959 ከግብፅ ጋር ሌላ ውል ተዋውላለች። በዚያ ውል ግብፅ 55.5፣ ሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲከፋፈሉ ለኢትዮጵያ የተተወ ድርሻ አልነበረም። ስለዚህ ሦስተኛውን አንቀጽ አለመቀበል የመጀመሪያውን ከመቀበል ጋር አይጋጭም።

እውነተኛው ክርክር ያለው በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ይህ አንቀጽ ወሰኑ በሁለቱ ወገኖች የጋራ ኮሚሽን መሬት ላይ እንዲከለል ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1903 ግን የእንግሊዙ መኮንን ሜጀር ጉዊን የኢትዮጵያ ተወካዮች ሳይኖሩ ምልክቶቹን ብቻውን ተከለ። ኢትዮጵያ ለረዥም ጊዜ ስትቃወም የኖረችው ይህንን ነው፤ መቃወሚያውም መሠረት ነበረው። ነገር ግን በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ሁለቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በተለዋወጡት ደብዳቤ የጉዊን መስመር ከጥቂት ማስተካከያ ጋር ለድጋሚ ክለላው መነሻ እንዲሆን መንግሥታችን ተቀበለ። ታይላንድ የገጠማትን ማስታወስ ያሻል፤ ፈረንሳዮች የነደፉትን ካርታ ተቀብላ ለዓመታት ዝም በማለቷ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 የፕሬህ ቪሄር ቤተ መቅደስ የካምቦዲያ ነው ሲል ፈርዷል። ዝምታ እንዲህ ያስፈርዳል ካልን፣ በጽሑፍ የተሰጠ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

የ1964ቱ ደብዳቤ ግን ሱዳኖች አዘውትረው የማይጠቅሱት ሌላ ክፍል አለው። በአካባቢው ያርሱ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ጉዳይ በጋራ ኮሚቴ ተጠንቶ መፍትሔ እስኪያገኝ ድረስ የነበረው ይዞታ ባለበት እንዲቆይ ሁለቱም ተስማምተዋል። ኢትዮጵያ አጥብቃ ልትይዘው የሚገባ ሕጋዊ መብት ይህ ይመስለኛል፤ መስመሩን ከመካድ ይልቅ «ገበሬዎቹን በሚመለከት የገባችሁት ቃል የት አለ?» ብሎ መጠየቅ።

ጓንግ ማዶ

የሕግ ባለሙያው ወንድሜ የተናገረውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን መሬቱን ያላየ ሰው ይህ ሁሉ ለምን እንደሚሆን አይገባውም። በዚያ ቆላ ለብዙ ዓመታት ሰሊጥና ማሽላ ሳርስ ኖሬ አሁን ባሕር ዳር ከልጆቼ ጋር ነኝ።

ከመተማ እስከ ሁመራ ያለውን አገር የሚያውቅ ሁሉ ሦስቱን ወንዞች ያውቃል። ጓንግ ከጣና በስተሰሜን ካለው የጭልጋ ደጋ ተነሥቶ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። አንገረብን እነርሱ ባሕር ሰላም፣ ተከዜንም ሰቲት ይሉታል። አልፋሽጋ የሚሉት ለም ጥቁር መሬት በነዚህ ወንዞችና በወሰኑ መስመር መካከል ያለው ነው። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ሞልተው መሬቱን ከሱዳን ወገን ይቆርጡታል፤ ከኛ ወገን ግን የሚያግድ ወንዝ ስለሌለ በሐምሌ ለዘር የሚደርስበት የኢትዮጵያ ገበሬ ነበር። ሱዳናዊው ባለመሬት በወረቀት ባለቤት ሆኖ፣ ኢትዮጵያዊው አርሶ፣ ምርቱን የሚካፈሉበት ጊዜ እንደነበረም መናገር ይገባል። ሰሊጡን ለማጨድ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ የሚወርዱት ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደቆሙ ጠይቀው አያውቁም፤ ጠያቂም አልነበራቸውም።

በ2013 ዓ.ም. የሆነው ግን ይህን ሁሉ አፈረሰው። በጥቅምት የትግራዩ ጦርነት ተነሥቶ ሠራዊታችን ወደ ሰሜን ሲዞር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የሱዳን ጦር ገፍቶ ገባ። ወቅቱን አስቡት። ሰሊጡ ታጭዶ የተወቃበት፣ ማሽላው ደግሞ የደረሰበት ጊዜ ነው። ገበሬው የዓመት ድካሙን፣ ትራክተሩን፣ ከባንክ የተበደረውን ገንዘብ ሜዳ ላይ ጥሎ ወጣ። ጦሩ በኋላ መንገድና ድልድይ ስለሠራ የክረምቱ ወንዝ እንደ ቀድሞው አያግደውም፤ ይህም ማለት በፊት ለሁለታችንም ይሠራ የነበረው ልማድ ተመልሶ የሚቆምበት መሠረት ጠፍቷል ማለት ነው። ስለ መስመሩ የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ሳያውቁ «ወደ ነበረበት ይመለስ» ሲሉ እሰማለሁ። መሬቱ ግን ወደ ነበረበት አልተመለሰም።

የካርቱም ተመላሽ

ሁለተኛውን የመምህራችንን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ካርቱም ለዓመታት ኖሬ ጦርነቱ ሲነሣ በመተማ ዮሐንስ በኩል የወጣሁ ነኝ።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በዳቦ ዋጋ ምክንያት በአትባራ ከተማ የተቀጣጠለው ተቃውሞ ሚያዝያ 3 ቀን ኦማር አልበሽርን ከ30 ዓመት አገዛዝ በኋላ ከሥልጣን አወረደ። በግንቦት መጨረሻ ወታደሮች ከጦሩ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ወጣቶች በጥይት ሲበትኑ፣ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር በቀናት ውስጥ ካርቱም ደርሰው አሸማገሉ፤ ልዩ መልእክተኛችን ከአፍሪካ ኅብረት ጋር ሆነው በነሐሴ ሕገ መንግሥታዊ ሰነዱ እስኪፈረም ደከሙ። በዚያ ሰሞን ካርቱም ውስጥ ኢትዮጵያዊ መሆን ያስከብር ነበር፤ የማላውቃቸው ሰዎች በመንገድ ላይ ያመሰግኑኝ ነበር። ይህን የምጽፈው በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የቆየ ጥላቻ አለ የሚሉ ሰዎችን አባባል ስለማልቀበል ነው።

ታዲያ ከዓመት በኋላ የሽግግሩ መንግሥት ጦር አልፋሽጋ እንዴት ገባ? የኛ ሠራዊት ወደ ሰሜን መዞሩ በሩን እንደከፈተ አባታችን ጓንግ ማዶ ጽፈውታል። እኔ የምጨምረው የካርቱምን ወገን ነው። መንግሥቱ ከወታደርና ከሲቪል የተዳቀለ ነበር፤ በአደባባይ የሕዝቡን አመኔታ ያጣው ጦር ማንም ሲቪል ሊቃወመው የማይደፍረውን ጉዳይ ያዘ። ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክም ስለ ድንበር ከጦሩ ተለይተው ሊናገሩ አልቻሉም። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ቡርሃን ሲቪሎቹን ገለበጡ፤ በሰኔ በድንበሩ ላይ በተገደሉ የሱዳን ወታደሮች ምክንያት ነገሩ እንደገና ሲግል፣ ሁለቱ መሪዎች ናይሮቢ ላይ ተገናኝተው በንግግር እንጨርሰው አሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ግን ጦሩና በጄኔራል ሄሜቲ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ጦርነት ገጠሙ።

ዛሬ ከማን ጋር ይፈረም ለሚለው እንግዲህ መልሴ ግልጽ ነው፤ ከማንም ጋር የመጨረሻ ወሰን የሚፈረምበት ጊዜ አይደለም። ለህልውናው የሚዋጋ ጦር አንዲት ጋሻ መሬት ለቀቀ ቢባል ተቀናቃኙ ከሃዲ ይለዋል፤ ተቀናቃኙ ቢፈርም ደግሞ ነገ ጦሩ ይሽረዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት ጦርነቱ ሲነሣ ሱዳን ተዳክማለችና መሬቱን በኃይል ልመልስ አለማለቱን እደግፋለሁ፤ በኛ መከራ ወቅት የተደረገብንን እኛ መድገም አይገባንም። ነገር ግን በድንበሩ ያለው የዕለት ተዕለት ኑሮ ፊርማ አይጠብቅም። ስደተኛው ይሻገራል፣ ከብት ይሻገራል፣ ነጋዴው ይሻገራል። እኔ በወጣሁበት በር የወጡ ሱዳናውያን በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች በዘረፋና በጸጥታ ችግር ተሠቃይተዋል፤ ይህ በኛ መሬት የደረሰ ስለሆነ ልንሸሽገው አይገባም። የመተማና የገላባት አስተዳደሮች ስለነዚህ ነገሮች ዛሬም መነጋገር ይችላሉ፤ መነጋገርም አለባቸው።

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የመጨረሻው ፊርማ የሚዘገይ ከሆነ፣ እንደ ጓንግ ማዶ ያሉ አባቶቻችን ከመሬታቸው ወጥተው ሳለ የ1964ቱ ደብዳቤ የገበሬዎች ክፍል በምን ይጠበቃል?

ሚዛን

በማስረጃ። የጋራ ኮሚቴው አንድ ቀን ሲቀመጥ የሚጠየቀው ማን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የትኛውን መሬት ያርስ ነበር የሚለው ነው። የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ወይም የእኩል አራሽ ውል፣ የባንክ ብድር ሰነድ፣ የሰሊጥ ሽያጭ ደረሰኝ፣ ከሱዳናዊ ባለመሬት ጋር የተደረገ የጽሑፍ ስምምነት ካለ እርሱም፣ ዋጋ አለው። ከ1964 ዓ.ም. በፊት ማረሳቸውን የሚያስታውሱ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው በፍርድ ቤት ወይም በወረዳ አስተዳደር ፊት ተመዝግቦ ቢቀመጥ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ደረሰኝ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ሊገኝ ይችላል፣ ምስክር ግን አይተካም። ጋሼ ጓንግ ማዶ፣ በእጅዎ ያለ ሰነድ ካለ ዋናውን ለማንም ሳይሰጡ ቅጂውን ይዘው ቢመጡ፣ ከዚያው አካባቢ የተፈናቀሉ ሌሎችንም ቢያስተባብሩልን፣ እዚህ ባሕር ዳር ያለን የሕግ ባለሙያዎች ያለ ክፍያ እናደራጀዋለን።

ጓንግ ማዶ

የግብር ደረሰኞቼ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ተቀምጠዋል። የአባቴ ጎረቤት የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎችም ጎንደር አሉ፤ ለፋሲካ ስሄድ አነጋግሬያቸው እዚሁ እጽፋለሁ።