ለወጣት ማዕከሉ የምናስገባው ዕቅድ፦ ሥዕሉ ይቅደም ወይስ ፊልሙ?

ጸሐፊዋ፦ ሰላም የየካ አባዶ ልጆች። ወረቀቱ ሐሙስ መግባት አለበት። እስካሁን የተስማማነው ርዕሱ ላይ ብቻ ነው፤ «የጀግኖች ቡድን በሥዕል»። ምን እናሳይ? እስቲ ጻፉ።

ከብሎክ 40፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? ፊልም ነዋ! አዳራሽ አለ፣ ፕሮጀክተር እንለምናለን፣ አቬንጀርስን እንከፍታለን። ሰው ግጥም ይላል።

ጸሐፊዋ፦ ያለ ፈቃድ ፊልም አዳራሽ ውስጥ ከፍተን ጣጣ እንግባ? መብራት ከሄደስ? ባለፈው ሰውን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠን የቀረነውን ረሳኸው እንዴ።

ሠዓሊው፦ እኔ ከሥዕሉ ጋር ነኝ። ፊልም ላይ ካሜራው አንዱን ሲከተል ሌላውን ይተወዋል። ኮሚክ ላይ፣ ማለት በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ላይ ግን ሁሉም አንድ ገጽ ላይ መቆም አለባቸው፣ አንዱ ሌላውን ሳይጋርድ። ጣጣው እዚያ ነው። አሜሪካዊውን የኮሚክ ሠዓሊ ጆርጅ ፔሬዝን እዩት። ስንቱን ጀግና አንድ ሽፋን ላይ ያጭቅ ነበር፤ የእያንዳንዱን ፊት ግን ትለያለህ። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኤክስ-ሜን፣ የዚያን የጀግኖች ቡድን ኮሚክ፣ ልዩ እትምም አስታውሱ። አዲሶቹ አባላት የድሮዎቹ የተሳሉበትን ወረቀት ቀደው ይወጣሉ። ከአዲሶቹ አንዷ ስቶርም መጀመሪያ የታየችው እዚያ ነው። ቡድኑ መቀየሩን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ እኔ ኮሚክ አላውቅም፤ እዚህ ያስገባኝ የልጅ ልጄ ነው። ግን ይሄ የምትሉት የዓድዋ ሥዕል አይደለም እንዴ? ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ፣ ምኒልክ በአንድ ወገን፣ ጣይቱም አሉ፣ ሠራዊቱ ተደርድሮ። የእኛ ሰው በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ጠላት በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ማን ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

ሠዓሊው፦ ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ይሄ ከሁሉ ቀድሞ ይጻፍልን።

የዘጠነኛ ክፍሏ፦ እኔ ደግሞ ሌላው የኮሚክ ሠዓሊ ጂም ሊ ትዝ አለኝ። በ1991 እ.ኤ.አ. የሣለው የኤክስ-ሜን ቁጥር 1 አራት ሽፋኖች ነበሩት። ሲገጣጠሙ አንድ ትልቅ ሥዕል ይሆናሉ። ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። እኛም አራት ቦታ ተከፍለን ሩብ ሩቡን ብንስል? በመጨረሻው ቀን ግድግዳ ላይ እንገጥመዋለን።

ከብሎክ 40፦ አምስተኛ ሽፋንም ነበረው፣ አራቱን አንድ ላይ ያደረገ። አንዱን መጽሐፍ አምስቴ ያስገዙሃል፤ ነጋዴ ናቸው! ሐሳቡ ግን ይመቻል። ለፊልም አንድ ጥግ ብቻ ስጡኝ። የእኛዎቹ የኮሚክ ጀግኖች ጀምበርና ሃዊ አንድ ፊልም ላይ ቢገናኙ ብዬ ስመኝ ስንት ጊዜዬ ነው። ጀምበር በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በአማርኛም ነበር፣ እናቴ ሳትቀር አንብባዋለች። የመጣው ሰው ማን ይተውን፣ የት ይቀረጽ የሚለውን ወረቀት ላይ ጽፎ ይለጥፍ። የእኔ ምርጫ የሃይገር ሰልፉ ነው። ጀግናውም ይሰለፍ!

የዘጠነኛ ክፍሏ፦ ሁለቱንም እኩል የሚያሳይ ይሁን እንጂ። ሃዊ ለማዳን ብቻ አትጠራ።

ጸሐፊዋ፦ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «በአራት ቡድን የሚሣል አንድ የግድግዳ ሥዕል፤ የዓድዋ ሥዕል አሣሣል ከኮሚክ ሽፋን ጋር ጎን ለጎን የሚታይበት ገለጻ፤ የፊልም ምኞት ሰሌዳ።» ከማዕከሉ የምንጠይቀው ግድግዳና ጠረጴዛ ብቻ ነው። ወረቀትና ቀለም ከመርካቶ በመዋጮ። ገለጻውን ጋሼ ያደርጉልናል?

ጋሼ፦ አደርጋለሁ። መሰላልም አለኝ። አራተኛ ፎቅ ነኝና ሁለት ጎረምሳ ላኩልኝ።