አባቴም እኔም ሶሪያሲስ አለብን፤ ልጄስ?

ጥያቄ፦ የጉለሌዋ
ሰላም ቤቶች። 27 ዓመቴ ነው፤ ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ከያዘኝ 8 ዓመት ሆነኝ። የጀመረኝ ቶንሲል ታምሜ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው። መጀመሪያ ሆዴና ጀርባዬ ላይ ጠብ ጠብ ያለ ቀይ ሽፍታ ወጣ። አሁን ክርኔና የራስ ቅሌ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። አባቴም ጉልበቱ ላይ አለበት፤ እኛ ቤት ግን ስሙ ሁሌም "ጭርት" ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ላገባ ነው። ባለፈው ቡና እየጠጣን እጅጌዬ ሰብሰብ ሲል የእጮኛዬ እናት ክርኔን አዩና "ልጄ፣ ይሄ ነገር በዘር ነው እንዴ?" አሉኝ። ስኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ። በክፋት አልነበረም፤ ግን መልስ አጣሁ። በእሱ ቤተሰብ ማንም የለበትም። ልጆቼ ላይ ይወጣል? በምርመራ አስቀድሞ ማወቅስ ይቻላል? ለዚሁ በሽታ በሳምንት አንዴ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ።

ብርቱካን
አይዞሽ እህቴ። እኔ ከእናቴ ነው የወረስኩት። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ትልቋ 16 ዓመቷ ነው፤ እስካሁን አንዳቸውም ላይ የለም።

ነርሷ (የቆዳ ክፍል)
በዘር ነው፤ ግን እንደ ዓይን ቀለም አይደለም። አንድ ወላጅ ብቻ ካለበት፣ ልጁ ላይ የመውጣት ዕድሉ በግምት ከ10 አንድ ነው። ሁለቱም ካለባቸው ወደ ግማሽ ይጠጋል። ስለዚህ ያንቺ ልጅ ላይ አለመውጣቱ ያመዝናል።

አንድ "የሶሪያሲስ ጂን" የሚባል ነገር የለም። በርካታ ጂኖች ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ኤችኤልኤ-ሲ 06:02 የሚባለው የጂን ዓይነት ነው፤ በለጋ ዕድሜ ከሚጀምረውና ከቶንሲል በኋላ ከሚወጣው ዓይነት ጋር በጣም ይያያዛል። ታሪክሽን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ግን እሱን ተሸክመው ዕድሜ ልካቸውን ቆዳቸው ንጹሕ የሆነ ሰዎች ይበዛሉ። ፍጹም አንድ ዓይነት መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ሳይታመም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ዘር ያው ዘር ነው፤ ዝናብ ካላገኘ አይበቅልም። ዝናቡ የጉሮሮ ኢንፌክሽን፣ ጭንቀት፣ ሲጋራ፣ የቆዳ ቁስል፣ አንዳንዴም የደም ግፊት መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ከዘሩ በላይ ያስደነገጠኝ ግን የመጨረሻው መስመርሽ ነው። ሜቶትሬክሴት እየወሰድሽ ማርገዝ የለብሽም፤ ፅንስ ይጎዳል። አንዳንዱ መመሪያ ካቆምሽ በኋላ 3 ወር ጠብቂ ይላል፣ አንዳንዱ 6 ወር። ሠርጉ ሳይደርስ ሐኪምሽን አናግሪ፤ እስከዚያ በአስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ተጠቀሚ።

ሞላ
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? እኔን የስቴሮይድ መርፌ ወጉኝና በሳምንት ጥርግ አለ።

ነርሷ (የቆዳ ክፍል)
ሞላ ወንድሜ፣ መርፌው ሲያልቅ ምን ሆነ?

ሞላ
ኧረ ተይኝ። በሁለት ወሩ ሰውነቴን ሁሉ ለበሰ።

ነርሷ (የቆዳ ክፍል)
የምፈራው ይህንኑ ነው። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው እንዲህ ያለ መርፌ ወይም ኪኒን ሲያቆም በሽታው ብሶ ሊመለስ ይችላል። የስቴሮይድ ቅባት ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን በሐኪም ትእዛዝ።

የዳላሱ
ምርመራውን በተመለከተ፦ እዚህ በምራቅ የሚሠራ ኪት ገዝተን ከወንድሜ ጋር ተመረመርን። የሁለታችንም ውጤት "ተጋላጭነት ከፍ ያለ" አለ። እኔ ከጭንቅላት እስከ ጉልበት አለብኝ። እሱ ፎረፎር እንኳ አያውቅም። በገንዘቡ ቅባት ብገዛበት ይሻለኝ ነበር።

ዘነበች
እናትየው የጠየቁት ሳይገባቸው ነው። እኔ አለርት ሆስፒታል መመላለስ ስጀምር ሰፈሩ የሥጋ ደዌ ነው ብሎ አወራ። የቆዳ ሕክምና እዛ እንዳለ ማን ይንገራቸው! ብቻ አንቺ ቀድመሽ ንገሪያቸው። "አይተላለፍም፣ አብሮ በመብላትም አብሮ በመተኛትም አይጋባም" በያቸው። መጀመሪያ የሚያስጨንቃቸው እሱ ነው። ስለ ልጁ ከዚያ በኋላ ይወራል።

ነርሷ (የቆዳ ክፍል)
ዘነበች ልክ ናት። አንድ ጥያቄ ረሳሁ፦ ያንቺ ወይ የአባትሽ መገጣጠሚያ ያማል? ጥፍር ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ የሚመስል ነገርስ አለ? በሽታው አንዳንድ ሰው ላይ መገጣጠሚያ ይገባል፤ ከቆየ አጥንት ያበላሻል።

የጉለሌዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሜ ጋ ደውዬ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ነርሷ፣ ጥያቄሽን አንብቤ አባቴን እጅህን አሳየኝ አልኩት። ጥፍሮቹ ልክ እንዳልሽው ናቸው። ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እናቴ ናት። እኛ "እርጅና ነው" ብለን ነበር። ሰኞ አብረን እንሄዳለን።