ነጭ ለባሽ ሠራዊት በጠረጴዛ ላይ እንዴት ይለያል? ለዓድዋ ጦር ምስሎች ቀለም ስለ መምረጥ

ጥያቄ፦ ባለጠረጴዛው

ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚሆኑ ባለ 28 ሚሊሜትር ምስሎችን (ትንንሽ የወታደር ቅርጾችን) እየቀባሁ ነው። የመረጥነው ውጊያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው የዓድዋ ጦርነት ሲሆን፣ የኢትዮጵያን ወገን እኔ፣ የጣሊያንን ወገን ደግሞ ጓደኛዬ እንቀባለን። ተዋጊዎቼ በአብዛኛው ነጭ ሸማና ነጭ ሱሪ የለበሱ በመሆናቸው፣ አንድ በአንድ በእጅ ሲያዙ ያማሩ ቢሆኑም፣ ተደርድረው ሲታዩ የራስ አሉላን ጦር ከራስ መኮንን ጦር መለየት ያስቸግራል፤ የጓደኛዬ አስካሪዎችም (ለጣሊያን የተሰለፉት የኤርትራ ወታደሮች) ነጭ ለባሾች ስለሆኑ ሁለቱ ወገኖች ሲቀላቀሉ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ለእያንዳንዱ ራስ ጦር የተለየ የልብስ ቀለም ልስጥ፣ ወይስ ታሪኩን ሳልነካ የምለይበት መንገድ አለ? ነጩንስ ከየትኛው ቀለም ብነሣ ይሻላል?

መልስ፦ ቀለም ቀማሚ

ቀለም ከመምረጥዎ በፊት የቀቧቸውን ምስሎች ተሰልፈው እንዳሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሡና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። ከጠረጴዛው ማዶ የቆመ ሰው ዓይን አስቀድሞ የሚለየው ቀዩን ከሰማያዊው ሳይሆን ብሩሁን ከጨለማው ነውና፣ በዚያ ፎቶ ላይ የማይለዩ ሁለት ክፍሎች በጨዋታው መካከልም አይለዩም። የእርስዎ ምስሎች ከአንድ ምስል ውስጥ የጎደላቸው ነገር እምብዛም የለም፤ የጠይም ፊትና የነጭ ልብስ ልዩነት ብቻውን ምስሉን ያነሣዋል። የጎደለው በጭፍራና በጭፍራ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ነጩን በተመለከተ፣ ከጠርሙሱ እንደ ወጣ ንጹሕ ነጭ በልብሱ ሁሉ ላይ ከተቀባ፣ ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ለማሳየት የሚተርፍ ሌላ ቀለም አይኖርም። ስለዚህ ነጣ ካለ ቡላ ወይም ከቀላል አመድማ ተነሥተው፣ ንጹሑን ነጭ ለትከሻው፣ ለጉልበቱና ለሸማው እጥፋት ጫፍ ብቻ ያቆዩት። ለጥያቄዎም መልስ የሚገኘው ከዚሁ ነው፦ አንዱን ጭፍራ በቡናማ ቢጫ ጥላ፣ ሌላውን በሰማያዊ ግራጫ ጥላ ቢቀቡ ሁለቱም ነጭ ለባሽ ሆነው ይቆያሉ፣ ነገር ግን ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ሞቅ ያለ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ይሆናል። ለዚህ የታሪክ ሰበብ ካስፈለገዎት፣ ከሸዋና ከሐረር ተነሥቶ ለወራት የተጓዘ ሠራዊት ሸማው አቧራ ጠጥቶ ወደ ቡላ ቢያደላ፣ በአገሩ ትግራይ ላይ ከተሰለፈው የራስ አሉላ ጦር ቢለይ የሚያስወቅስ አይመስለኝም።

የቤት ውስጥ ማስዋቢያ ባለሙያዎች 60፣ 30፣ 10 የሚሉት የቀለም ድርሻ አለ፤ ቀቢዎችም ወስደውታል። እኔ እንደ ሕግ አላየውም፤ ነገር ግን ከነጩ ሌላ ደማቅ የሆነው ቀለም በመጠን ትንሽ፣ በቦታው ደግሞ በሁሉም ምስል ላይ አንድ ዓይነት መሆን እንዳለበት ያስታውሳል። አንዱ ጭፍራ ቀለሙን በጋሻው ላይ፣ ሌላው በጥለቱ ላይ፣ ሦስተኛው በራስ ጥምጥሙ ላይ ከያዘ ዓይን የት እንደሚፈልግ አያውቅም።

መልስ፦ የጋሻ ወዳጅ

ከላይ የተሰጠውን ምክር በአብዛኛው ብቀበልም፣ ለእያንዳንዱ ራስ ጦር የተለየ የልብስ ቀለም መመደብን እቃወማለሁ፤ በዓድዋ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ተዋጊ የደንብ ልብስ አልነበረውም፣ ደንብ ልብስ የለበሰ ካስመሰልነው ደግሞ የጦሩን መልክ ራሱን እናጠፋዋለን። ቀለም የሚፈቀድባቸው ቦታዎች ግን በርካታ ናቸው። በመኳንንቱ ጋሻ ላይ በብርና በናስ ጌጥ ሥር የሚለበጠው ከፋይ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሊሆን ይችላል፤ የፈረስ ዕቃ፣ ሰንደቅና የአለቃው ለምድም አሉ። በእኔ አስተያየት ተራውን ወታደር ሁሉ በነጭና በቡናማ ትቶ፣ በየጭፍራው ፊት የሚቆሙትን ጥቂት አለቆች ብቻ በአንድ ከፋይ ቀለም ማስተሳሰር ከሁሉ ይበልጣል፤ ጥቁር በርኖስ የደረበ ወይም ጎፈር (የአንበሳ ጋማ) የደፋ አለቃ በነጭ ለባሾች መካከል ከሩቅ ይታያል፣ ጭፍራውም በእርሱ ይታወቃል።

ጓደኛዎ በበኩሉ ሥራው ተሠርቶለታል ማለት ይቻላል። የአስካሪ ሻለቃ ጦሮች ሁሉም ታርቡሽ የሚባለውን ቀይ ቆብ ቢያደርጉም፣ አንዱ ሻለቃ ጦር ከሌላው የሚለየው በታርቡሹ ዘርፍና በወገብ መታጠቂያው ቀለም ነበር። የሚያሳስበኝ ቀዩ ነው፤ የእርስዎ የጃኖ ጥለትና የእርሱ ታርቡሽ ከአንድ ጠርሙስ ከተቀቡ ሁለቱ ወገኖች የአንድ ጦር አባላት ይመስላሉ። ታርቡሹ ብሩህና ንጹሕ ቀይ ይሁን፤ ጥለቱ ትንሽ ቡናማ ገብቶበት ወደ ሸክላ ቀለም ያዘንብል። ሰንደቅ የሚያሲዙ ከሆነ ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በአንድ ጨርቅ ላይ የተሰፉበት ባንዲራ በይፋ የወጣው ከጦርነቱ በኋላ በ1897 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ለዚህ ውጊያ ሦስቱን በተለያዩ ረጃጅም ሰንደቆች ማሳየት ይሻላል።

መልስ፦ ከመሬት ተነሣ

ሁለታችሁም ምስሉ የሚቆምበትን መቆሚያ ረስታችሁታል። ነጭ ለባሽ ምስል ነጣ ባለ አሸዋ ላይ ከቆመ እግሩ ከመሬቱ ጋር ይዋሐዳል፤ ወደ ቀይ ያደላ ጥቁር ቡናማ አፈር ላይ ከቆመ ግን የምስሉ ቀለም ሳይለወጥ ብሩህነቱ ይጨምራል። ወሩ የካቲት ስለሆነ ሣሩ ለምለም አይሁን፤ ጥቂት የደረቀ ቢጫ ሣርና ግራጫ ድንጋይ ይበቃዋል።

ፕራይመሩን (ከሁሉ በፊት የሚቀባውን መነሻ ቀለም) በጥቁር አይጀምሩ፤ በጥቁር ላይ ነጭ ለማውጣት ብዙ ድርብ ያስፈልጋል፣ ድርቡ ሲበዛም የፊቱን ዝርዝር ይደፍነዋል። ምስሉን በሙሉ በግራጫ ከነፉ በኋላ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነጭ ቢነፉበት ጥላው ከብብትና ከእጥፋት ሥር ራሱ ይቀራል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲታዴል በተባለው የምስል ቀለም ስም የሚሸጡት ኮንትራስት የተባሉ ቀለሞች እንዲህ ባለ ብሩህ መነሻ ላይ አንድ ጊዜ ሲቀቡ ጥላና ብርሃን አብረው ይሰጣሉ። እንዲህ ያለ ቀለም እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ካሉ የሠዓሊ አክሪሊክ ያገለግላል፤ ከቀይ፣ ከቢጫ፣ ከሰማያዊ፣ ከነጭና ከአንድ ቡናማ ብቻ ቀላቅሎ መሥራት እንዲያውም ጥቅም አለው፣ ያው ቡናማ በሁሉም ውስጥ ስለሚገባ ቀለሞቹ ይስማማሉ። የሚቀቡበትና የሚጫወቱበት መብራት አንድ ዓይነት መሆኑንም ያረጋግጡ፤ በቢጫ አምፖል ሥር ቀዝቃዛውና ሞቃቱ ነጭ ይቀራረባሉ።

ባለጠረጴዛው፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለቱን ነጮች ከአለቆች ከፋይ ጋር አጣምሬ እሠራለሁ፤ ለራስ አሉላ ሰማያዊ፣ ለራስ መኮንን ወይን ጠጅ አስቤአለሁ። የቀረኝ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ነው፤ የፈረሶቹን ቀለም ምን ላድርገው?

ቀለም ቀማሚ፦

አብዛኛውን ዳማ ያድርጉት፤ ጥቂት ጥቁርና ጥቂት አመድማ ይጨምሩበት፣ የሁለት ጎረቤት ፈረሶች ዳማም አንድ ዓይነት አይሁን። ነጭ ፈረስ በነጭ ለባሽ ፈረሰኛ ሥር ስለሚጠፋ አይመከርም፤ ካማረዎት ግን ጥቁር በርኖስ ለደረበው አለቃ ይስጡት። ሰማያዊውና ወይን ጠጁ በጨለማነት እንዳይቀራረቡ ደግሞ ሰማያዊውን ከፍ አድርገው ነጭ ይቀላቅሉበት፤ ያንን ጥቁርና ነጭ ፎቶ አሁንም ቢያነሡት ጥሩ ነው።