ካይሮ ላይ ሁለት ቀን፦ ፒራሚዶቹ፣ ጥንታውያኑ አብያተ ክርስቲያናትና ቁስቋም ይዳረሳሉ?

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። 16 ሆነን በጥር መጨረሻ ካይሮ ላይ እናርፋለን። ዓርብ ማታ ገብተን እሑድ ከእኩለ ሌሊት በፊት ስለምንበር በእጃችን ያለው ቅዳሜ ሙሉ ቀንና እሑድ እስከ ምሽት ነው። ግማሾቹ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው፤ ሁለቱ እናቶች ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

የተላከልን ዕቅድ ቅዳሜ ዕለት ጊዛን፣ ሜምፊስን፣ ሳቃራን፣ አሮጌውን ካይሮና በመጨረሻ ገበያ ያስጎበኘናል፤ እሑድን ባዶ ትቶታል። አባላቱ በበኩላቸው «ግብጽ ድረስ ሄደን ቁስቋምን ሳንሳለም እንዴት እንመለሳለን?» ይላሉ። ይህ ዕቅድ ይዳረሳል? ፒራሚድ ውስጥ መግባትስ ለአረጋውያን ይሆናል? ቁስቋምን እሑድ ደርሶ መመለስ ይቻላል?

ዘናይል

የቅዳሜው ዕቅድ ወረቀት ላይ ያምራል እንጂ አይዳረስም። ቀኑን የሚበላው ጉብኝቱ ሳይሆን በሩ፣ ፍተሻውና መንገዱ ነው። ከጊዛ ሳቃራ ቢበዛ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ከ40 ደቂቃ በታች አትቁጠሩት። ከሳቃራ አሮጌው ካይሮ የቀለበት መንገዱ ከተጨናነቀ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። 16 ሰው ከመኪና ወርዶ፣ መጸዳጃ ቤት ደርሶና ተቆጥሮ እስኪነሣ ደግሞ በየቦታው 20 ደቂቃ ይሄዳል። በጥር ፀሐይ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ ቦታዎቹ ከዚያ ቀድመው ይዘጋሉ።

ስለዚህ ቅዳሜን ለጊዛና ለሳቃራ ብቻ ስጡት። ሜምፊስ ላይ ዋናው የሚታየው የዳግማዊ ራምሴስ የተጋደመ ግዙፍ ሐውልት ነው፤ ሰዓት ከተረፈ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፣ ካልተረፈ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ይሁን። ገበያውን ጨርሶ አውጡት። አሮጌው ካይሮ ወደ እሑድ ይዙር።

ጊዛ ላይ ከእ.ኤ.አ. 2025 ወዲህ አሠራሩ ተለውጧል። ዋናው መግቢያ በፋዩም መንገድ በኩል ነው፤ የቱሪስት መኪና ወደ ውስጥ አይገባም፣ ጎብኚውን ከፌርማታ ፌርማታ የሚያደርሱት የግቢው አውቶቡሶች ናቸው። «ሹፌሩ ፒራሚዱ ሥር ያወርዳችኋል» የሚል የቆየ ምክር ካያችሁ እለፉት። በሩ ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል፤ ያኔ በሩ ላይ ሁኑ። ስፊንክሱ ከሁሉም ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ አረጋውያኑ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ እንጂ አይወጡም።

ሰዓትን በተመለከተ፦ በጥር ካይሮ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በበጋቸው ግን ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ ከእኛ እኩል ይሆናሉ። ለሹፌሩ ስትጽፉ 08:00 ብላችሁ ጻፉ። «2 ሰዓት» ብላችሁ ብትነግሩት ከቀትር በኋላ ሊመጣላችሁ ይችላል።

የድንጋይ ወዳጅ

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በቅደም ተከተሉ ግን አይደለም። ትልልቆቹ የቱሪስት አውቶቡሶች ጠዋት ጊዛ ላይ ይከማቻሉ። በዚያ ሰዓት ሳቃራ ጸጥ ያለ ስለሆነ እዚያ ጀምራችሁ ከቀትር በኋላ ወደ ጊዛ ብትመጡ ይሻላል።

ስለ መግባት፦ በትልቁ ፒራሚድ (በኩፉ) ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚወጣበት መተላለፊያ ቁመቱ 1.2 ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 39 ሜትር ያህል ሲሆን 26 ዲግሪ ያዘነበለ ዳገት ነው። ከዚያ 8 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ታላቁ አዳራሽ ይመጣል፤ እዚያ ቀና ይባላል፣ ዳገቱ ግን ይቀጥላል። መውጫውም መውረጃውም አንድ ስለሆነ ሰው ሲበዛ መሐል ላይ ቆሞ መጠበቅ አለ። አየሩ ይሞቃል፣ ይታፈናል። ጉልበት፣ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም ጠባብ ቦታ መፍራት ያለበት ሰው አይግባ። መጨረሻ ላይ የሚገኘው ከአስዋን በመጣ ቀይ ግራናይት የተሠራ ክፍልና ክዳን የሌለው ባዶ የድንጋይ ሣጥን ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚነበብ ጽሑፍ የለም። ትኬቱም ከመግቢያው ለብቻው የሚከፈል ነው። ለእናንተ ቡድን ገንዘቡንም ጉልበቱንም አያዋጣም።

ሳቃራ ሌላ ነው። የንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ ከውጭ ሲታይ የፈረሰ ክምር ይመስላል፤ ውስጡ ግን ከላይ እስከ ታች የተቀረጸ ጽሑፍ ነው። በፒራሚድ ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ሲሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት 2350 ገደማ ነው። እዚያም ቢሆን መውረጃው ዝቅተኛ ስለሆነ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወደ ሹማምንቱ መሬሩካና ካገምኒ መቃብሮች ይሂዱ። በደጅ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ዓሣ ማጥመዱ፣ ከብቱና ግብር አስገቢው ሁሉ ግድግዳው ላይ ተቀርጿል። የጆሴር ደረጃማ ፒራሚድ ስድስት እርከንና 62 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ አሠሪው ኢምሆቴፕ ነው ይባላል። ከጊዛዎቹ በመቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ ሳቃራን አስቀድሙ የምለው ለዚህም ነው፣ የግንባታው እድገት በቅደም ተከተል ይገባል።

ማኅበር ስለሆናችሁ አስጎብኚውን አስቀድማችሁ ስለ አባ ኤርምያስ ገዳም ጠይቁት። ፍርስራሹ እዚያው ሳቃራ ውስጥ፣ ወደ ኡናስ ፒራሚድ ከሚወስደው ጥንታዊ የድንጋይ መንገድ በስተ ደቡብ ነው። ብዙዎቹ አስጎብኚዎች ካልተጠየቁ ያልፉታል። ከገዳሙ የወጡት የተቀረጹ ዓምዶችና የግድግዳ ሥዕሎች አሮጌው ካይሮ ባለው የኮፕቲክ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ቅዳሜ ቦታውን ያየ ሰው እሑድ ዕቃውን ያያል።

ዘናይል

ስለ ሳቃራ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ለወጣት ቡድን እንጂ ለዚህ አይሆንም። ጊዛ ሰፊ ነው፣ በአውቶቡስ መውጣት መውረድ አለው፤ ደክሟቸው ከቀትር በኋላ ከሚደርሱ ሰልፍ ቢታገሱ ይሻላል። መንገድ ከተዘጋ ደግሞ የሚቀረው ጊዛ ይሆናል፣ ፒራሚዱን ሳያዩ የተመለሱ ሰዎች ቅሬታ ቀላል አይደለም።

ዘአስቄጥስ

ወደ ቁስቋም ልምጣ። ደብረ ቁስቋም ግብጻውያን አል-ሙሐረቅ የሚሉት ገዳም ነው፤ አስዩት አጠገብ፣ ከካይሮ በስተ ደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በመኪና ለመሄድ ብቻ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ የላይኛው ግብጽ የፖሊስ ኬላዎችም አሉ። ማታ በረራ ያለው ቡድን አይሞክረውም። ሌላ ጊዜ አንድ ሌሊት አድራችሁ ሂዱ።

የእመቤታችን የስደት መንገድ ግን ካይሮ ውስጥም አለ። እሑድን በዚህ መልክ አድርጉት፦ ጠዋት አሮጌው ካይሮ አስቀድሱ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ እስኪያልቅ ጎብኚ ሆኖ ገብቶ መዞር አይፈቀድም፤ አስቀዳሽ ግን ይገባል። አል-ሙአላቃ፣ ማለትም «የተንጠለጠለችው»፣ በሮማውያኑ የባቢሎን ምሽግ ደቡባዊ በር ላይ የተሠራች ስለሆነች 29 ደረጃ ይወጣባታል። ለሚያነክሱት ቀስ ብሎ መውጣት ነው፤ ቀድማችሁ ድረሱ። መቁረብ የሚፈልግ ካለ ከቅዳሴው በፊት ካህኑን ያነጋግር። በቅዳሴው ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ይቀመጣሉ።

ጫማ እንደኛ ከደጅ አይወለቅም። የሚወለቀው ወደ መቅደሱ ሲቀርቡና ሲቆርቡ ነው። በልማድ ደጅ ላይ ትታችሁ ከገባችሁ በጎብኚው ግርግር መሐል ጫማ ፍለጋ ይሆናል።

ከዚያ በእግር ወደ አቡ ሰርጋ (ሰርግዮስና ባኮስ) ሂዱ። መንገዱ ደረጃ ወርዶ ጠባብ ሰርጥ ውስጥ ይገባል። ቅዱሱ ቤተሰብ ያረፈባት ናት የምትባለው ዋሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ናት፤ ጠባብ ስለሆነች ለሁለት ተከፍላችሁ ውረዱ። ክብ ሆና የምትታየው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የግሪኮች ናት፤ መሳለም ለሚፈልጉ አባላት ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ። ቤን ዕዝራ ምኩራብም እዚያው ሰፈር ነው። ከቀትር በፊት የኮፕቲክ ሙዚየሙን ግቡ፤ በናግ ሐማዲ እ.ኤ.አ. በ1945 የተገኙት ጥንታውያን መጻሕፍት እዚያ ናቸው። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማታሪያ። የድንግል ዛፍ የምትባለው ሾላ እዚያ ናት። አሁን የቆመችው ከወደቀችው የቀድሞ ዛፍ ቁጥቋጦ የበቀለች ናት ይባላል። አጠገቡ የጥንቷ ሄልዮፖሊስ ሐውልት፣ የቀዳማዊ ሰኑስሬት፣ ወደ አራት ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖት አሁንም በቦታው ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1968 የእመቤታችን መገለጥ የታየባት ዘይቱንም ሩቅ አይደለችም፤ ሁለቱም ወደ አየር ማረፊያው አቅጣጫ ስለሆኑ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ሌላ ሙሉ ቀን ብታገኙ ኖሮ ምርጫዬ ዋዲ ናትሩን፣ የመጻሕፍቶቻችን አስቄጥስ፣ ነበር። ከካይሮ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሙሴ ጸሊም አፅም በበራሞስ ገዳም ይገኛል። በአጽዋማት ወቅት ግን ለጎብኚ የሚዘጉ ገዳማት አሉ፤ ሳትጠይቁ አትነሡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ከአስጎብኚው ጋር ስንዋዋል ምን እናስጽፍ?

የድንጋይ ወዳጅ

አስጎብኚው የግብጽ ቱሪዝም ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። የራሳችሁ ሰው በአማርኛ ካስተረጎመ የንግግሩ ጊዜ እጥፍ ስለሚሆን ለአንድ ቦታ አሥር ደቂቃ ብላችሁ ቁረጡለት፤ አለበለዚያ አረጋውያኑ ፀሐይ ላይ ቆመው ይቀራሉ። አስጎብኚዎች ፒራሚድ ውስጥ ገብተው አያብራሩም፣ ውጭ አስረድተው ይጠብቃሉ፤ ይህ እንደ ስንፍና አይቆጠርባቸው።

«የገበያ ማቆሚያ የለም» የሚለው በጽሑፍ ይስፈር። የፓፒረስ፣ የሽቱ ዘይትና የአልባስተር ሱቆች «ተቋም» ወይም «ሙዚየም» ተብለው ዕቅድ ውስጥ ይገባሉ፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ይበላል፣ ርካሽ ጉብኝት የሚረክሰውም በእነሱ ኮሚሽን ነው። የመግቢያ ትኬቶቹ በዋጋው ውስጥ መካተታቸውንና ከፋዩ አስጎብኚው መሆኑን አስጽፉ፦ የጥንታዊ ቦታዎቹ መስኮቶች ካርድ እንጂ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ የኢትዮጵያ ካርድ ያልሠራ ቀን 16 ሰው በር ላይ ይቆማል። የውስጥ ትኬት የማይፈልጉትን ስም ለይታችሁ ስጡ።

ለጉርሻ ዝርዝር የግብጽ ፓውንድ ይኑራችሁ። ጊዛ ላይ ግመል የሚወጣ ካለ ዋጋው መውረዱንም እንደሚጨምር አስቀድሞ ይነጋገር። «ነፃ ነው» ብሎ ያወጣ ሰው ለማውረድ ያስከፍላል።

ዘናይል

መኪናውም ይጻፍ። እሑድ ሻንጣ ይዛችሁ ስለምትውሉ 16 ሰው በሃይስ አይሆንም፤ ኮስተር ጠይቁ፣ የኋላው ወንበር ለሻንጣ ይተው። አሮጌው ካይሮ መግቢያ ላይ ቦርሳ ስለሚፈተሽ ትልልቁ ሁሉ ከሹፌሩ ጋር መኪናው ውስጥ ይቅር፤ ፓስፖርትና መድኃኒት ግን ከሰው እጅ አይለይ። ከማታሪያ አየር ማረፊያው ቅርብ ቢሆንም ከበረራው አራት ሰዓት ቀድማችሁ ተነሡ። የካይሮ አየር ማረፊያ ተርሚናሎቹ የተራራቁ ስለሆኑ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለሹፌሩ ጠዋት ስትነሡ ንገሩት።