ከዶሮ ወጥ ጋር የሚስማማ ወይን ጠጅ የቱ ነው?

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ሚያዝያ ባለቤቴ ወደሚኖርበት ወደ ፍራንክፈርት እሄዳለሁ። እዚህ ሐዋሳ በሰርግና በበዓል ከቀመስኳቸው ከአክሱሚትና ከአካሺያ በቀር ወይን ጠጅ አላውቅም። እዚያ ግን ሰው ቤት ሲኬድ አንድ ጠርሙስ ይዞ መሄድ የተለመደ መሆኑን ሰምቻለሁ። የየትኛውን አገር ወይን ብገዛ ይሻለኛል? እናንተስ በቆያችሁበት አገር የወደዳችሁት የትኛውን ነው?

መልስ፣ ከፍራንክፈርት

መንገድዎን ያቅናልዎት። እኔም የሐዋሳው የአቶቴ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ጀርመን ከገባሁ 11 ዓመት ሆኖኛል። ከአገሩ ስም በፊት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የጣፋጭነት ደረጃ እንዲያነቡ እመክርዎታለሁ። ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። በመጣሁበት ዓመት ለፋሲካ የጠሩኝ አንዲት የአገራችን እናት ቤት፣ ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ጥሩ መሆን አለበት ብዬ የፈረንሳይ፣ የቦርዶ ቀይ ወይን ይዤ ሄድኩ። ዶሮ ወጡ ቀርቦ ሁላችንም አንድ አንድ ጉንጭ ከወሰድን በኋላ ገበታው ጸጥ አለ። እትዬ ብርጭቋቸውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ይሄ መጠጥ ነው ወይስ መድኃኒት?» ብለው ግማሹን ስፕራይት ሞሉበት። ያን ዕለት ለገንዘቤ ተቆጭቼ ነበር፤ ዛሬ ግን እውነቱ የእሳቸው እንደነበር አምናለሁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቦርዶ ውስጥ ከጂሮንድ ወንዝ በስተግራ ባለው አካባቢ በብዛት የሚተከለው ካበርኔ ሶቪኞን ልጣጩ ወፍራም በመሆኑ ወይኑ ታኒን ይበዛዋል፤ ታኒን ማለት ያልበሰለ ሙዝ ስንበላ አፋችንን የሚይዘው ዓይነት ስሜት የሚሰጠው ነገር ነው። በርበሬ ምላስን ካቃጠለ በኋላ ታኒንና ከፍ ያለ አልኮል ሲጨመሩበት ቃጠሎው ይብሳል፤ ስኳር ደግሞ ያበርደዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የወይኑ ሳይሆን የእኔ ነበር። ያንኑ ወይን በሌላ ጊዜ በርበሬ ካልነካው ጥብስ ጋር ጠጥቼው በጣም ወድጄዋለሁ።

ጀርመን ውስጥ በጠርሙስ ላይ የሚያገኟቸው ቃላት በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተወሰኑ ናቸው። «ትሮከን» የተባለው በሊትር እስከ 4 ግራም፣ ኮምጣጣነቱ ከፍ ካለ እስከ 9 ግራም ስኳር የሚይዝ ደረቅ ወይን ነው። «ሃልብትሮከን» እስከ 12፣ አንዳንዴም እስከ 18 ግራም ይደርሳል፤ «ሊብሊሽ» እስከ 45 ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ያለው «ዙስ» ይባላል። ለበርበሬ ምግብ መሐከለኞቹ ሁለቱ ይበቃሉ።

እኔ የምመርጠው በጀርመን በሞዘል ወንዝ አካባቢ የሚሠራውን ሪዝሊንግ የተባለ ነጭ ወይን ነው። ወይኑ የሚበቅለው በወንዙ ዳር፣ ድንጋይ በሞላበትና ሰው እንኳ ተደግፎ በሚወጣበት ገደላማ ቁልቁለት ላይ ነው። «ሽፔትሌዘ» የሚባለው፣ ዘግይቶ ከተለቀመ ፍሬ የሚሠራው ዓይነት፣ ጣፋጭ ሆኖ ሳለ አልኮሉ ብዙ ጊዜ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጣፋጭ ወይን የሴትና የጀማሪ ነው የሚል ንቀት እዚህም በእኛም ሰው ዘንድ ሞልቷል፤ እኔ አልቀበለውም። በቋንቋችን እንኳ ስሙ «የወይን ጠጅ» ነው፤ ምላሳችን መጠጥን የሚለካው በጠጅ ነው። የጠጅን ማር የሚገታው የጌሾ ምሬት ነው፤ በሪዝሊንግ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ኮምጣጣነቱ ነው።

ባለፈው ገና ሐዋሳ በቤተሰቤ ገበታ ላይ ይህን ሞክሬዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ወንድሜ ከአሞራ ገደል ቆሮሶ ገዝቶ መጣ፤ እንዳለ ተሰንጥቆ ተጠበሰና ሎሚ ተጨመቀበት። ከዝዋይ የመጣውን የሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ነጭ ወይን አቀዝቅዘን ከፈትን፤ ዳጣው እስኪቀርብ ድረስ ከዓሣው ጋር የተስማማ ነበር፤ ዳጣው ሲመጣ ግን ተሸነፈ። በበዓሉ ዕለት ከዶሮ ወጡ ጋር ከጀርመን የያዝኩትን ሽፔትሌዘ ቀዳሁ። ዕድሜውን ሁሉ በብርሌ የጠጣው አጎቴ አሸተተ፣ ተጎነጨ፣ ጥቂት አሰበና «ብርዝ መሰለኝ» አለ። ቀጥሎ «ጠጅ መሆን የሚችል ብርዝ ነው» ብሎ ብርጭቆውን መልሶ ዘረጋ።

ስለ ዝዋዩም ልጨምር። የፈረንሳዩ ኩባንያ ካስቴል ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሜዳ የተከለው እርሻ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ነው። ሪፍት ቫሊ ደረቁ፣ አካሺያ ጣፋጭነት ያለው ነው። ቀዩን ሐዋሳ ሲጠጡ ግን ከቁም ሳጥን አውጥተው በቀጥታ አይቅዱት፤ ከሰዓት በኋላ ሞቃት ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ቢገባ ይሻለዋል።

ፍራንክፈርት ሲደርሱ ከወይን በፊት በሰማያዊ ጌጥ ግራጫ ማሰሮ የአፕል ጠጅ ያቀርቡልዎታል። ኮምጣጣ ነው። በ11 ዓመት ልለምደው አልቻልኩም።

መልስ፣ ከቨርጂኒያ

ወንድሜ በደንብ አስረድተዋል፤ ነገር ግን እህታችን ጣፋጭ ብቻ ይግዙ ከማለት ጋር አልስማማም። ገበታችን በርበሬ ብቻ አይደለም። በምኖርበት በቨርጂኒያ የታወቀው ቪዮኒዬ የተባለው ነጭ ወይን ደረቅ ሆኖ ሳለ ሽታው እንደ ኮክ ነው፤ ከዶሮ አልጫና ከድንች አልጫ ጋር የሚደርስበት አላገኘሁም። ለጥሬ ሥጋ ደግሞ የአርጀንቲና ማልቤክ እመርጣለሁ፤ በዚያው አገር በሜንዶዛ ብዙ ጊዜ 1,000 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ የሚበቅል ስለሆነ የደጋ ልጅ ነው ብዬ እቀልዳለሁ። ሥጋውን አዋዜ ውስጥ አብዝተው ከነከሩት ግን ያው የእትዬ ስፕራይት ይመጣል።

መልስ፣ ከፍራንክፈርት

ልክ ነዎት፤ አልጫውን ረስቼዋለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፤ «ሽፔትሌዘ» የሚለው ቃል ጣፋጭ ነው ማለት አይደለም። አጠገቡ «ትሮከን» የሚል ካለ ደረቅ ነው፤ ሁለቱንም ቃላት ፈልገው ያንብቡ። ጀርመኖች ዘንድ ሲሄዱ ደግሞ ስለ በርበሬ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ትሮከን ይዘው ይሂዱ፣ የሚያዘወትሩት እሱን ነው።

ከሐዋሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ባለቤቴን በስልክ ጠይቄው ነበር፤ ቤት ያሉት ሦስቱም ጠርሙሶች ትሮከን ናቸው። በርበሬው ግን ተደልዞ፣ ተፈጭቶ፣ አምስት ኪሎው ሻንጣ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ የሚለወጠው ወይኑ ነው ብዬዋለሁ።