ማርቆስ ላይ ያረጀ የጭቃ ቤት ከነሰርቪሱ፦ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂ (ከባሕር ዳር)፦
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት አግኝቻለሁ። ቦታው 200 ካሬ ነው፣ ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ)። ከፊት ባለ ሁለት መኝታ የጭቃ ቤት አለው፣ ከጓሮ ደግሞ 5 ሰርቪስ። ሻጮቹ ወራሾች ናቸው፣ አራት ልጆች፣ አንዷ ውጭ አገር ናት። የጠሩት ዋጋ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው። ለእድሳት 500 ሺህ መድቤያለሁ። ሰርቪሶቹን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንዱን በ1,800 ብር፣ ዋናውን ቤት በ6,000 አከራያለሁ ብዬ ነው። እኔ እዚህ ስለሆንኩ የምትቆጣጠረው እናቴ ናት። ችግሩ ግድግዳው ከሥሩ ላላ ብሏል፣ የሳሎኑ በር ደግሞ በክረምት አይዘጋም ይላሉ ጎረቤቶች። መብራቱም ውሃውም አንድ አንድ ቆጣሪ ነው። ደላላው "ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው" እያለ ቀን ተሌሊት ይደውላል። ከየት ልጀምር?

ግንበኛው፦
ወንድሜ፣ በክረምት የማይዘጋ በር ሁለት ነገር ይነግርሃል። ወይ መሬቱ መረሬ ነው፣ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። ወይ ደግሞ ቋሚው እንጨት ከሥሩ በስብሶ ቤቱ እየሰመጠ ነው። ለመለየት ቀላል ነው። ከግድግዳው ሥር ምርጊቱን ትንሽ ፈርፈር አድርግና እንጨቱን በቢላ ውጋው። ቢላው እንደ ቂጣ ከገባ ያ ቋሚ አልቆለታል። አራቱንም ማዕዘን ሞክር፣ በተለይ የጣሪያው ውሃ የሚወርድበትን ጎን። አሸንዳ የሌለው ቤት ላይ ማርቆስ የሚዘንበው ዝናብ ግድግዳውን ከሥር ነው የሚበላው። እኔ ብሆን ከቀለምም ከኮርኒስም በፊት አሸንዳና የውሃ መውረጃ ቦይ ነው የማሠራው።

ሌላ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጭቃ ላይ በቀጥታ ሲሚንቶ ይለስናል። አይያዝም። ሁለት ክረምት ሳይሞላው እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ሲሚንቶ ካልክ ሽቦ ተመትቶበት ነው። ካልሆነ በጤፍ ጭድ በደንብ የቦካ ጭቃ መልሰህ ምረገው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሥራውን ከጥቅምት ጀምር፣ እስከ ግንቦት ጨርስ። ቆርቆሮ ስትገዛ ደግሞ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል፣ 35 ጌጅ ከ28 ይበልጣል ብሎ የሚሸጥልህ አይጠፋም።

በወራሽ የተቃጠልኩ፦
ግንበኛው ልክ ነው፣ ግን ቢላውን ከመያዝህ በፊት ወረቀቱን ያዝ። እኔ ከአምስት ወንድምና እህት የሦስቱን ፊርማ ይዤ ገዛሁ፣ "የቀሩት ይስማማሉ" ተብዬ። ቤቱን አድሼ ከጨረስኩ በኋላ አንዷ እህት መጣች። ቀሪውን ፍርድ ቤት ጨረሰው፣ ማለቴ ብሬን።

ስለዚህ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አለ ወይ? ቤቱ በወራሾቹ ስም ዞሯል ወይስ አሁንም በሟች ስም ነው? የአራቱም ፊርማ ይኑር፣ ያገቡ ካሉ የትዳር አጋራቸውን ነገር ውል ከሚያዋውሉት ዘንድ ጠይቅ። ውጭ ያለችው ውክልና ከላከች ኮፒ አይተህ አትመን፣ መሸጥ የሚል ቃል በግልጽ መኖሩን እና አለመሻሩን አረጋግጥ። ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ሄደህ የእዳና እገዳ ማጣሪያ ጠይቅ። ቤት ሲሸጥ በሰፈር ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፣ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ፊት መረጋገጥ አለበት።

ነባር ይዞታ ስላልክ ደግሞ፣ በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ 721 ነባር ቦታ ከውርስ ውጭ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ እንደሚይዘው ይላል። ስም ስታዞር የሚመጣብህን ክፍያ ከመዋዋልህ በፊት ጠይቅ፣ ማን እንደሚከፍለውም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ስለ ቀብድ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢ ከቀረ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ከቀረ እጥፉን ይመልሳል። ወረቀቱ ሳይጣራ ቀብድ አትስጥ። "ሌላ ሰው እየመጣ ነው" ካለህ ይምጣ። ያ ሌላ ሰውዬ እኔ ቤት ስገዛም እየመጣ ነበር፣ እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

ባለ ሰርቪሷ (ማርቆስ)፦
የኔ ወንድም፣ የተማሪውን ነገር ተወው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ ግቢ ውስጥ ነው የሚያድረው። ሰርቪስ የሚከራየው መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የግል ኮሌጅ ተማሪ ነው። እነሱ ደግሞ የሚጠይቁት ሌላ ነው፣ ሽንት ቤትና ውሃ። አንተ ግን ስለ ሽንት ቤቱ አንድም ቃል አልጻፍክም! ጉድጓዱ ስንት ዓመቱ ነው? መጣጭ መኪና በበሩ ይገባል? የኔ በር ጠባብ ስለሆነ ሲሞላ የደረሰብኝን እኔና ጎረቤቶቼ እናውቃለን።

ሁለተኛ መብራት። አንድ ቆጣሪ ላይ ስድስት ቤት ማለት የጠብ ፋብሪካ ማለት ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የኪሎዋቱ ዋጋም ይጨምራል፣ ስለዚህ የሁሉም ተደምሮ ሲመጣ ሻይ ብቻ የሚያፈላውም በከፍተኛው ሒሳብ ይከፍላል። ቢቻል ቆጣሪ አስጨምር፣ ካልሆነ ለየክፍሉ የውስጥ ቆጣሪ አስገባ። ገመዱንም አስቀይር። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ሁለት ሰው አንድ ቀን ቢጋግር ያ አሮጌ ገመድ ይቀልጣል። እኔ ዘንድ የምጣድ ተራ አለ፣ በር ላይ ተለጥፏል፣ ማክሰኞ የእኔ ነው።

እናትህን ደግሞ ኪራይ ሰብሳቢ አታድርጋት። እናት "ልጄ ደመወዝ ዘገየብኝ" ሲሏት ቡና አፍልታ ነው የምትሸኛቸው። ኪራዩ በባንክ ወዳንተ ይግባ፣ እሷ ቤቱን ትይልህ።

ሒሳብ ወዳጅ፦
ባለ ሰርቪሷ ካለችው ላይ፦ ሁሉም ቢከራይ በወር 15,000 ነው። በዓመት ሁለት ወር ባዶ ቢሆን 150,000። የምታወጣው 3.7 ሚሊዮን ነው። ግብርና ጥገና ሳይነሳ ወደ 25 ዓመት። ለኪራዩ ብለህ ከሆነ አያዋጣም። ለቦታው ከሆነ ሌላ ነው፣ ያኔ እድሳቱ ላይ ብዙ አታፍስ፣ ነገ ለምታፈርሰው ጭቃ።

ውሉንም በጽሑፍ አድርግ። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ 1320 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። ከአዲስ አበባና ድሬዳዋ ውጭ የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሚሠራ ክልሉ ነው የሚወስነው፣ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቅ።

ተከራይ ነኝ (ፍኖተ ሰላም)፦
ከተከራይ በኩል አንድ ነገር። ከሁለት ቤት የወጣሁት በኪራይ ጭማሪ አይደለም። አንዱ ሽንት ቤቱ ከውስጥ አይቆለፍም ነበር። ሌላው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም ተባልኩ፣ እኔ ደግሞ የማታ ተረኛ ነኝ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሄጄ አየሁት። ቢላው በሁለት ማዕዘን ገባ፣ ሁለቱ ግን ደህና ናቸው። የባሰው ካርታው ነው፣ ከአምስቱ ሰርቪስ ሁለቱ ፕላኑ ላይ የሉም፣ አንደኛው ግድግዳው ከወሰን ወጥቷል። የወራሽነት ማረጋገጫ አላቸው፣ ስም ግን አልዞረም።

በወራሽ የተቃጠልኩ፦
ስም አዙረው ይምጡ። ዋጋውን በሦስት ሰርቪስ ቆጥረህ ንገራቸው፣ ሁለቱን ማዘጋጃ ቤት ነገ አፍርስ ሊልህ ይችላል።

ጠያቂ፦
2 ሚሊዮን 700 ሺህ ብያቸዋለሁ፣ ስም ሲያዞሩ ደውሉልኝ ብዬ። ደላላው ከትናንት ጀምሮ ስልክ አያነሳም።