ጎርጎራ ተለወጠች፤ ውሃው ዳር ግን የማን ነው?

የወደቡ ልጅ፦
ሰላም የጎርጎራ ልጆች። ባለፈው እሁድ አዘዞ ለቅሶ ቤት ያነሣነው ክርክር ንፍሮው ሲመጣ ተቋረጠ። እዚህ እንጨርሰው። የጎርጎራ መልማት ተወላጁን ጠቀመው ወይስ ጎዳው?

የኔን አስቀድሜ ልናገር። ትልማ። ግን ማንም ሰው "ወዴት ነው?" ሳይባል ወደ ጣና ሐይቅ የሚወርድበት ቦታ ይተውልን።

እኔ የ1962 ልጅ ነኝ። ጎንደር ከገባሁ 38 ዓመት ሆነኝ። እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ወለድኩ። "አገርህ የት ነው?" ስባል ግን ዛሬም አፌ ላይ የሚቀድመው ጎርጎራ ነው። ልጅ ሳለን መርከቧ ከባሕር ዳር በሳምንት አንዴ ትመጣ ነበር። ዘጌን ነክታ፣ ቁንዝላ አድራ፣ በደልጊ አድርጋ በማግስቱ ትደርሳለች። ድምጿ ሲሰማ አስተማሪው ራሱ ጠመኔውን ያስቀምጣል።

ወደቡ አጠገብ እናቴ ልብስ የምታጥብበት ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነበረ። መሐሉ ተበልቶ እንደ ሳፋ ጎድጉዷል። ጠዋት ሴቶቹ ያጥቡበታል። ማታ አሳ አጥማጆቹ ቢላቸውን ይስሉበታል፣ ቀረሶ የሚባለውን አሳ ይሰነጥቁበታል። ከሸሚዛችን ላይ ቅርፊት አይጠፋም። ቆላ ድባ ለትምህርት ስንሄድ "አሳዎቹ መጡ" ይሉን ነበር።

የዛሬ ዓመት ወርጄ ድንጋዩን ፈለግሁት። አጥር ውስጥ ገብቷል። (አዲሱን ሪዞርት ማለቴ አይደለም። አንድ ግለሰብ ያጠረው ቦታ ነው፤ ስም መጥራት አያስፈልግም።) ዘበኛው "ምን ፈልገው ነው?" አለኝ። ድንጋይ ልበለው?

እዚያው ነዋሪ፦
ወንድምዓለም፣ ድንጋዩን አውቀዋለሁ። አንተ የምትናፍቀው ልብስ ስላላጠብክበት ነው።

እኔ አጥቤበታለሁ። የአራት ልጅ ልብስ፣ የአማቴ ጋቢ ሳይቀር። ክረምት ላይ ውሃው ሲደፈርስ ነጩ ቡኒ ሆኖ ይወጣል፤ እንደገና ከሀ ትጀምራለህ። ወገቤ እስከዛሬ ይመሰክራል። ደግሞስ ወባውን ረሳኸው? ደንቢያን እንዴት እንደፈጃት ከአባቶችህ አልሰማህም? ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ፣ በዚያ ጭቃ፣ ስንሸኝ አንተ ጎንደር ነበርክ።

የወንድሜ ልጅ አሁን እንግዳ ማስተናገድ ተቀጥሮ ለእናቱ ይልካል። ትንሽም ቢሆን ይልካል። አንተ በዓመት አንዴ ብቅ ብለህ "ተለወጠችብኝ" ትላለህ። ላንተ ትዝታ ተብሎ እኔ በኩራዝ ልኑርልህ?

የማራኪዋ፦
ጎንደርም ውሃው በፈረቃ ነው። ድንጋዩ ከተገኘ ወደዚህ ላኩልን።

መምህሩ፦
አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ጎርጎራ መቼ ነው ሳትለወጥ የኖረችው? ዐፄ ሱስንዮስ ተቀምጦባታል። ስፔናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1622 እ.ኤ.አ. ያረፈው እዚያው ነው። የማርያም ግምብ ፍርስራሽ የዚያ ዘመን ነው። ጣሊያን ደግሞ በአምስቱ ዓመት መጥቶ ወደብ ሠራ። የወደቡ ልጅ ሆይ፣ ስምህን የወሰድክበት ወደብ ማለት ነው። ለአያቶቻችን እሱም ባዕድ ነበር። አንተ ሁለት ትውልድ ቆይተህ ናፈቅኸው። የዛሬውንም የልጅ ልጆቻችን ይናፍቁት ይሆናል።

ከሁሉም ጸንታ የቆየችው ደብረ ሲና ማርያም ናት። ግድግዳዋ ላይ ያሉት ሥዕሎች የ17ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ያሣለቻቸው የዐፄ ፋሲል እህት መለኮታዊት ናት ይባላል። እሷን እስከጠበቅን ድረስ ስለ ሌላው ብዙ አልጨነቅም።

ገበታ ለሀገር የተባለው የመንግሥት ፕሮጀክት በ2012 መጨረሻ ጎርጎራን ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ሲጠራ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። ሪዞርቱም በ2016 ተመረቀ። ጎርጎራን ከሥሯ የነቀነቃት ግን እሱ አይመስለኝም። ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጭ ነው። በ2004 አካባቢ ታየ። ማንንም አላስፈቀደም፣ ለማንም ካሳ አልከፈለም። በጥቅምት 2013 የአንድ ወር ዘመቻ ሲታወጅ ተማሪዎቼን ይዤ ወርጃለሁ። እስከ ደረታችን ገብተን ጎተትን። ሥሩ ጥቁር ነው፤ እንደ ረጠበ ፀጉር ክንድህ ላይ ይጠመጠማል። አበባው ግን ያምራል። ክፋቱ እሱ ነው፤ አንዷ ተማሪዬ ቀጥፋ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስትስቅ ምን እንደምላት ጠፋኝ። ከዓመት በኋላ ስመለስ ያጸዳነው ቦታ እንደገና አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ።

ቅዳሜ ገበያ፦
መምህር እውነቱን ነው። እኔ አሳ ነጋዴ ነኝ፣ እንጀራዬ ስለሆነ ልናገር። ድሮ አንድ ቀረሶ ሰሃን ሞልቶ ጅራቱ ይተርፍ ነበር። አሁን የሚመጣልኝ የመዳፌን ያህል ነው። ጥፋቱ የእምቦጭ ብቻ አይደለም። ያ ቀጭን የፕላስቲክ መረብ ጫጩቱን ሳይቀር ጠራርጎ ያወጣል። ክረምት ላይ አሳው እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዝ ሲወጣ፣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቅም የኛው ልጅ ነው። እሱን ሪዞርት አላመጣውም።

ደንገሉም እየጠፋ ነው። ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም። ታንኳ ሠሪዎቹ ወይጦዎች ምን ይሥሩ?

(በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ዋጋው ግን በጾም ይወጣል። እኔን ጠይቁኝ።)

አስጎብኚው፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የእናንተ ክርክር የጠገበ ሰው ክርክር ነው። ሥራዬ ማስጎብኘት ነበር። መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያ ደግሞ ይሄ ያለንበት። ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያችን ለመሄድ "መንገዱ ክፍት ነው?" ብለን ጠዋት ጠዋት እንደዋወላለን። ክፍት ነው ቢባልም እንግዳው ይፈራል። አይፈረድበትም።

ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ ወደ ባሕር ዳር በየብስ ስትጎተት በስልኬ እያየሁ ነበር። መርከብ በአስፋልት! ሰው ይስቃል፣ እኔ እንባዬ መጣ። ሐይቁ ላይ አዲስ ነገር ስናይ እኮ ስንት ጊዜያችን ነው? ቢፈልጉ ያጥሩ። ብቻ ሰላም ይሁን፣ ሰው ይምጣ።

የወደቡ ልጅ፦
እኅቴ ስለ ድንጋዩ ያለችኝን ሦስቴ አነበብኩት። እውነት ነው። እናቴ እዚያ ድንጋይ ላይ አጎንብሳ እኔ መርከብ እጠብቅ ነበር። ከመርከቧ ሌላ ትዝ የሚለኝ ጀርባዋ ነው፤ ፊቷን አላስታውሰውም። በዚህ ተረትቻለሁ።

መምህር ግን አንድ ነገር ዘለልህ። ጣሊያን የሠራው ወደብ ላይ እኔ በባዶ እግሬ እሮጥ ነበር፤ ሃይ ያለኝ የለም። ልዩነቱ እሱ ነው። ባዕዱ ነገር ሳንጠየቅ ስለገባንበት የኛ ሆነ። ባሕር ዳር ሂዱና እዩ። ብዙ ቦታ ሐይቁን ለማየት ቡና ማዘዝ አለብህ። ቡናውን ጠጥተህ ስትጨርስ አስተናጋጁ "ሌላ ነገር?" ይልሃል። ጎርጎራ እዚያ እንዳትደርስ ነው ጭንቀቴ።

አንተም ልጄ፣ ሰው ይምጣ ትላለህ። አሜን። ሰው የሚመጣው ግን ሰው ወዳለበት ነው። ሴት የማትቀዳበት፣ ልጅ የማይዋኝበት፣ መረብ የማይሰጣበት ዳርቻ ላይ ቆመህ ምን ልታስጎበኝ ነው?

አስጎብኚው፦
እሺ ጋሼ፣ ይቺን ልቀበል። እንግዶቹም ካሜራ የሚያነሡት ታንኳ ሲያዩ ነው።

እዚያው ነዋሪ፦
አሁን ሰው የሚለውን ተናገርክ። እኔ እኮ አጥሩን ወደድኩት አላልኩም። ከብት ለማጠጣት ዞረን ዞረን ነው የምንወርደው፣ ልጆቹ እንደ ሌባ ተሹለክልከው ይዋኛሉ። ከሰፈር ሰባት ሴቶች ሆነን ጠይቀናል። መንገድ ይከፈትልን፣ ሁለት አህያ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ስፋት ይበቃናል ብለን። "ፊርማ አሰባስባችሁ አምጡ" ተባልን። እስካሁን 43 ሆነናል። ጎንደር ያለው የጎርጎራ ተወላጅ ቢጨመርበት ደግሞ ሰሚ ያገኝ ይሆናል።

የማራኪዋ፦
እኔን ጻፉኝ። የአያቴ ቤት ከወደቡ በላይ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ፦
እኔንም። የመረቡንም ነገር ጨምሩበት።

መምህሩ፦
ማመልከቻውን አምጡና አማርኛውን ላቃናው። እንደ ለቅሶ ግጥም ረዝሞ እንዳይሆን።

የወደቡ ልጅ፦
መንገዱ ክፍት ከሆነ ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ። ምን ይዤ ልምጣ?

እዚያው ነዋሪ፦
እስክሪብቶ። ሳሙናም ያዝ፤ ያልታጠበ ብርድ ልብስ አለኝ። ድንጋይ ሌላ እንፈልግልሃለን።